ክፍሉ ሲርቅ፦ በሆላንድ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ኢንተርኔት ትምህርት

«የርቀት ትምህርት» የሚለው ቃል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየወረዳው ያለ መምህር፣ በየቢሮው ያለ ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ሞጁሉን በብብቱ ይዞ ወደ ቱቶሪያል ሲሄድ አይተናል። ከ2007 ወዲህ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ብዙዎች ከአዲስ አበባ ሳይወጡ የውጭ ዲግሪ ተምረዋል። እዚያ ተማሪው ገና ሲመዘገብ ከርቀት እንደሚማር ያውቃል፤ ክፍያውም፣ የጊዜ ሰሌዳውም፣ ፈተናውም በዚያው ልክ የተሰፋ ነው። በማርች 2020 እዚህ ሆላንድ የደረሰው ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ ቪዛ ጠብቆ፣ ልጆቹን ለዘመድ ትቶ ሮተርዳም ወይም ዘሄግ ድረስ የመጣ ተማሪ፣ እርሱ ሲቀርብ ክፍሉ ራቀበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኖቹን እናስታውስ። በሆላንድ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2020 ነው። ማርች 12 ቀን መንግሥት ከ100 ሰው በላይ የሚሰበሰብበትን ዝግጅት ከለከለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ትልልቆቹን ሌክቸሮች በኢንተርኔት እንዲሰጡ ጠየቀ። በማግሥቱ፣ ማርች 13 ቀን፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አስታወቀች። ስለዚህ ተማሪው «አገሬ ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ» ብሎ ሲያወጣና ሲያወርድ ሁለቱም በሮች አብረው እየተዘጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በጃንዋሪ 2021 የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል መጨረሻ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል መግባት ተፈቀደ፤ በሴፕቴምበር ተከፈተ፤ በዲሴምበር እንደገና ተዘጋ።

ወረርሽኙ አለፈ፤ ጉዳዩ ግን አላለፈም። ቪዛው ዘግይቶበት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከአዲስ አበባ ሆኖ በስክሪን የሚጀምር ተማሪ ዛሬም አለ። ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሊሰበስብ ወርዶ መንገድ የተዘጋበት አለ፤ ለለቅሶ ሄዶ ሳያስበው የቆየም አለ። ወገኖቻችን በብዛት የሚመጡባቸው ተቋማት ደግሞ በዚሁ አካባቢ የተሰባሰቡ ናቸው። በ1952 የተመሠረተውና ከ2009 ጀምሮ የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ዘሄግ ነው፤ የቤቶችና የከተማ ልማት ጥናት ተቋም ሮተርዳም፣ የውኃ ተቋሙ አይኤችኢ ደግሞ በሁለቱ መካከል ዴልፍት ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ለሚማሩት፣ እንዲሁም እነርሱን በቤቱ ለሚያስጠጋ ዘመድ የተጻፈ ነው።

ፈቃዱ የሚከተለው አካልን ነው

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ክፍሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ አብሮ አይገባም። ፈቃዱ የታሰረው በሁለት ነገሮች ነው፤ በአካል እዚህ በመኖርና በትምህርቱ ወደ ፊት በመራመድ። አይኤንዲ የምንለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ተማሪውን በየቀኑ አይከታተልም፤ የሚከታተለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው በሕግ ፊት እውቅና ያለው ዋሳችሁ ሲሆን ማሳወቅ የሚገባውን ሳያሳውቅ ቢቀር ራሱ ይቀጣል። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ ስትቀበላችሁ ደግ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ መዝገብ የምትይዝ መሆኗን ግን አትርሱ።

ዋናው ደንብ የግማሽ ደንብ ነው። ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓመት ከሚጠበቅበት ክሬዲት ቢያንስ ግማሹን ማግኘት አለበት፤ ዓመቱ 60 ክሬዲት ከሆነ 30 ማለት ነው። ካላገኘ ዩኒቨርሲቲው ለአይኤንዲ ያሳውቃል። በቂ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ሕመም ወይም ከባድ የቤተሰብ ችግር፣ ሳያሳውቅ ሊያልፈው ይችላል፤ በ2020 ኮሮናም እንደ በቂ ምክንያት ተቆጥሮ ነበር። ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕግ አለ፤ የአንደኛ ዓመት የባችለር ተማሪ የተወሰነ ክሬዲት ካላሟላ ከትምህርት ክፍሉ የሚያሰናብተው ማለት ነው። ይህኛው የዩኒቨርሲቲው ነው። በ2019/20 ስንብቱ ለቀጣዩ ዓመት ተላለፈ፤ በ2020/21 ደግሞ የሚፈለገው ክሬዲት ዝቅ ተደረገ። አንዱ ሲላላ ሌላውም ላልቷል ብሎ መገመት አይገባም። ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ ቁልፋቸውም የተለያየ ሰው እጅ ነው።

«በቂ ምክንያት» የሚባለው ነገር የሚሠራው በጊዜው ከተነገረ ነው። የእኛ ሰው ችግሩን ለባዕድ መናገር ያፍራል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ይውጠዋል። አባቱ የታመሙበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ገንዘብ ያለቀበት ተማሪ ሁሉንም ለራሱ ይዞ ይከርምና በጁላይ ውጤቱ ሲወጣ ነው የሚናገረው። የጥናት አማካሪው በዚያን ጊዜ አያምነውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ በወቅቱ የተጻፈ ነገር የለም። በማርች የተጻፈ ሦስት መስመር ኢሜይል በጁላይ ከሚጻፍ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል። የሕመሙን ዝርዝር መጻፍም ግዴታ አይደለም፤ ችግር መኖሩን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ትምህርቱን እንዴት እንደነካው መግለጽ ይበቃል።

አገር ቤት ሆናችሁ ለመማር ካሰባችሁ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጻፉ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አዲስ አበባ እሆናለሁ፤ እነዚህን ኮርሶች በኢንተርኔት እከታተላለሁ፤ ይህ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ምዝገባዬንና የስኮላርሺፕ አበሌን ይነካል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ሰው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ለተከታታይ ብዙ ወራት ከአገር የራቀ ሰው ዋና መኖሪያውን እንዳዛወረ ሊቆጠርና ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ለእናንተ የሚሠራውን የወራት ቁጥር የሚነግራችሁ ያው ቢሮ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የራሱ ደንብ አለው፤ በ12 ወር ውስጥ ከ8 ወር በላይ ውጭ የሚቆይ ሰው ከነዋሪዎች መዝገብ መውጣት አለበት። ከዚያ መዝገብ መውጣት ደግሞ ኢንሹራንስን፣ ባንክንና ሌሎች ጉዳዮችን እየጎተተ ይመጣል።

አገር ቤት ሆኖ መማር

ብዙ ወላጆች «ትምህርቱ በኮምፒውተር ከሆነ ለምን እዚያ ብርድ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ና እቤትህ» ይላሉ። ፍቅር ነው፤ ስሌቱ ግን ጎደሎ ነው። ጁን 30 ቀን 2020፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ወሩ እዚህ የፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ነው። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከኢንተርኔቱ በተጨማሪ ከስልኩም ተቆረጠች፤ ይህም ለአብዛኛው አካባቢ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘጋ። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ቤተሰቡ ጋ ሆኖ ጽሑፉን ሊጨርስ የሄደ ተማሪ ከአማካሪው ጋር የሚገናኝበትን መንገድ አስቡት።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ የቤተሰብ ግዴታ ካልጎተተ በቀር ክፍል ቢዘጋም እዚሁ መቆየት ይሻላል። ብቸኝነቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያ በ2021 ክረምት በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት መሄድ እንኳ አይቻልም ነበር። ነገር ግን ብቸኝነትን በስልክም፣ በቅዳሜ የእግር መንገድም፣ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያም ማቃለል ይቻላል፤ የተቋረጠን መስመር ግን ተማሪው ብቻውን አይቀጥለውም።

የግድ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገሮች ያዘጋጅ። አንደኛ፣ እዚህ የሚቀር ወኪል። መስመር ቢጠፋ ወኪሉ ለጥናት አማካሪው እንዲያስታውቅ የሚፈቅድ የተፈረመ አጭር ደብዳቤ አስቀድማችሁ ለሁለቱም ላኩ፤ ያለዚያ ዩኒቨርሲቲው በግል መረጃ ሕግ ምክንያት ስለ እናንተ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሁለተኛ፣ የወኪሉን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉ። በ2020ው መቋረጥ በብዙ ቦታ የድምፅ ስልክ ይሠራ ስለነበር ቁጥሩን ወረቀት ላይ የያዘ ሰው መልእክቱን ማድረስ ይችል ነበር፤ ቁጥሮቹ ሁሉ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ የሆኑበት ግን አይችልም። ሦስተኛ፣ የንባብ ጽሑፎችን፣ የተቀዱ ሌክቸሮችንና የፈተና ደንቦችን ከመነሣታችሁ በፊት እዚሁ አውርዱ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሔቶች ከውጭ ለመግባት ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ቪፒኤንም እዚሁ ጭናችሁ ሞክሩት።

ሰዓት

ቀላል ይመስላል፤ ፈተና የሚያስመልጠው ግን እርሱ ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ሆላንድ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ትቀይራለች። በክረምት ልዩነቱ ሁለት ሰዓት፣ በበጋ አንድ ሰዓት ነው። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ይጨምራል። በሮተርዳም በማለዳ 9፡00 የተባለ ፈተና በማርች መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፤ ያው 9፡00 በኤፕሪል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አርብ 23፡59 የተባለ የማስረከቢያ ሰዓት ደግሞ በክረምት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7፡59 ነው። ለእኛ ያ ገና የአርብ ሌሊት ነው፤ ስልካችሁ ግን ቅዳሜ ብሎ ይጽፋል። የቤት ሰው «ስንት ሰዓት ነው ፈተናህ» ሲል በአበሻ ሰዓት ንገሩት፤ ላፕቶፑን ግን በሆላንድ ሰዓት ላይ ተዉት፤ በግድግዳው ላይም አንድ ወረቀት ለጥፉ። መሐንዲስ ስለሆንኩ ሳይሆን አይቀርም፣ በጭንቅላት ከሚሰላ ሁለት ቅናሽና አንድ ድምር ይልቅ የተለጠፈ ወረቀት አምናለሁ።

መስመርና መብራት

ሰው ሁሉ «ኢንተርኔቴ ደካማ ነው» ይላል፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። በዙም ድምፅ ብቻ ለማዳመጥ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል። ፊት ሳይታይ የመምህሩ ስላይድ ብቻ ሲታይም ፍላጎቱ ተቀራራቢ ነው። የቡድን ቪዲዮ ግን ወደ 1 ሜጋቢት ይጠጋል። አስሉት፤ በ80 ኪሎቢት የአንድ ሰዓት ድምፅ 36 ሜጋባይት ነው፣ በ1 ሜጋቢት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት። ይህም ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የእናንተ ካሜራ ከተከፈተ ወደ ውጭ የሚወጣውም ይደመራል። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ስለዚህ በሞባይል ዳታ የሚማር ሰው ካሜራውን ይዝጋ፤ መምህሩም ቅር እንዳይለው በመጀመሪያው ቀን ምክንያቱን ይንገረው። ካሜራ የዘጋ ተማሪ ተኝቷል ብሎ የሚያስብ መምህር ብዙ ነው።

አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት የሚጠቀምና ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ለራውተር ተብሎ የሚሠራ ትንሽ የባትሪ ሳጥን ለሰዓታት ያቆየዋል። ጀነሬተር አያስፈልግም። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ የሁለቱንም ሲም መያዝ አንዱ ሲደክም ሌላውን ለመሞከር ይረዳል። መንግሥት ሲዘጋ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

የፈተና መልስ ፎቶ አንሥቶ መላክ የሚጠየቅ ከሆነ በስልክ ካሜራ የተነሣው ገጽ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ በስካን መተግበሪያ ወደ ጥቁርና ነጭ ፒዲኤፍ ከተቀየረ እጅግ ይቀንሳል። ይህን ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን በባዶ ወረቀት ሞክሩት። መስመር ከተቋረጠ ሰዓቱ የሚታይበት ፎቶ በሌላ ስልክ አንሡና እንደተመለሰ ወዲያው ለመምህሩና ለፈተና ኮሚቴው ላኩ።

እዚህ ሆላንድ ላላችሁ ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር፤ ኤዱሮም የሚባለው ዋይፋይ በራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የሮተርዳም ተማሪ በአምስተርዳም፣ በዴልፍት ወይም በዘሄግ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች በዚያው የይለፍ ቃሉ ይገባል። ስድስት ሰው አንድ ራውተር በሚጋራበት ቤት ለሚኖር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ካሜራው የማያየው ፊት

ፈተና ከቤት ሲሰጥ ብዙ ተቋማት ተማሪውን በካሜራ የሚጠብቅ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምክር ቤት ይህን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በጁን 2020 ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲው መጠቀም እንደሚችል ወሰነ። ለእኛ ይበልጥ የሚነካን ግን በሌላው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ፣ በፍራይ፣ የሆነው ነው። ሮቢን ፖኮርኒ የምትባል ጥቁር የማስተርስ ተማሪ ፕሮክቶሪዮ የተባለው ሶፍትዌር ፊቷን በተደጋጋሚ ማግኘት አቅቶት ክፍሏ ጨለማ እንደሆነ ይነግራት ነበር። ፈተናዋን የሰጠችው መብራት ፊቷ ላይ አብርታ ነው። ጉዳዩን ወደ አገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሌጅ ወሰደችው። ኮሌጁ በዲሴምበር 2022 አድልዎ ነበር ብሎ ለመጠርጠር በቂ ማስረጃ አቅርባለች፤ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ዩኒቨርሲቲው ነው አለ። በኦክቶበር 2023 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ሶፍትዌሩ በእርሷ ላይ አድልዎ ማድረጉ አልተረጋገጠም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ቅሬታዋን በአግባቡ እንዳላስተናገደ ወስኗል።

ውሳኔው ግማሽ ድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማስረዳት ሸክሙ ለጊዜውም ቢሆን ወደ ዩኒቨርሲቲው መዞሩን ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ። ያ የሆነው ማስረጃዋን ሰብስባ ስላቀረበች ነው። እናንተም ሶፍትዌሩ ፊታችሁን ካላወቀ «ካሜራዬ መጥፎ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የመሞከሪያ ፈተና ካለ አስቀድማችሁ ግቡ፤ መብራት ከኋላችሁ ሳይሆን ከፊት ለፊታችሁ ይሁን፤ የተጻፈላችሁን መልእክት በፎቶ አስቀሩ፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደባችሁ መዝግቡ፤ በዕለቱ ለፈተና ኮሚቴው ጻፉ። ነጠላ ወይም ሻሽ ለምታደርጉ እህቶችም፣ ደንቡ ስለ ራስ መሸፈኛ ምን እንደሚል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በፈተናው ሰዓት ከማያውቁት ሰው ጋር በቻት መከራከር አይገባም።

ገንዘብ

ባጭሩ ልበለው። በተማሪ ፈቃድ ያለ ሰው በሳምንት እስከ 16 ሰዓት፣ ወይም በጁን፣ ጁላይና ኦገስት ሙሉ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ አሠሪው የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሥራ የጀመረ ተማሪ የአገሩን መሠረታዊ የጤና ኢንሹራንስ መግባት ግዴታው ነው፤ የተማሪ ኢንሹራንሱ አይበቃም። በ2020 ምግብ ቤቶች ሲዘጉ ይህ ሥራ በአንድ ሌሊት ጠፋ። የማኅበራዊ ድጎማ መጠየቅ ፈቃዱን ሊያናጋ ስለሚችል ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት አማካሪ ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለችግር ጊዜ የሚሆን ትንሽ ፈንድ አላቸው፤ የሚሰጡት ግን ለሚጠይቅ ነው። ትምህርቱ በስክሪን ስለሆነ ክፍያው ይቀነሳል ብላችሁም አትጠብቁ። መንግሥት ለ2021/22 ክፍያውን በግማሽ የቀነሰው በሕግ የተወሰነውን ዝቅተኛ ክፍያ ለሚከፍሉት ነበር፤ ከ2,168 ዩሮ ወደ 1,084። ከአውሮፓ ውጭ የመጣውና ብዙ እጥፍ የሚከፍለው ተማሪ በዚያ ሕግ አልታቀፈም። ይህ ትክክል ነበር ብዬ አላምንም።

ውሳኔ ሲደርስ

የፈተና ኮሚቴው ውሳኔ ካልተስማማችሁ ለዩኒቨርሲቲው የፈተና ይግባኝ ሰሚ አካል ማመልከት ይቻላል። ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከተገለጸበት ቀን ጀምሮ እንጂ እናንተ ኢሜይሉን ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። አገር ቤት መስመር ተቋርጦባችሁ ከሆነ ያን የሚያስረዳ ነገር አያይዙ፤ እዚህ ያለው ወኪላችሁም ጊዜው ሳያልፍ አጭር ማመልከቻ አስገብቶ ዝርዝሩን በኋላ እንዲያሟላ መጠየቅ ይቻላል።

መጨረሻውን ሴሚስተር አዲስ አበባ ሆነው የጨረሱም ተመርቀው እዚያው ከቀሩ በኋላ በሩ ተዘጋ ብለው ያስባሉ። በሆላንድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ትምህርቱን ከጨረሰበት ቀን አንሥቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ዓመት ሥራ የመፈለጊያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ አሠሪው የሥራ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም። ማመልከቻውን አዲስ አበባ ሆኖም ማስገባት ይቻላል፤ ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን ደንብና ክፍያ ከአይኤንዲ አረጋግጡ። ከዲፕሎማው ጋር የትምህርት ማስረጃው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ተመልከቱ፤ ሦስቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ከምረቃ በዓሉ ሳይሆን ከዚያ ነው።